ማን አጎረሳት?

አባቴን ሰፈሩ በሙሉ «ኬላ» ይለዋል። ሳይፈተሽ የሚያልፍ ነገር የለማ! ዳቦ ገልብጦ ጀርባውን ያያል። ቆጣሪ ሊያነብ የመጣ ሰው መታወቂያ ይጠየቃል፤ መታወቂያው ላይ ያለው ፎቶም ከፊቱ ጋር ይነጻጸራል። እኔ የገዛ ልጁ፣ ፋርማሲ የምሠራው፣ በእጄ ያመጣሁለትን የደም ግፊት ክኒን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ «ይሄ ባለፈው ወር ክብ አልነበረም እንዴ?» ይለኛል። ክብ ነበር፣ አሁንም ክብ ነው። ይህን ማስረዳት ግን ራስን ማድረቅ ነው።

እናቴ ለምዳዋለች። «ሲያገባኝ ጥርሴን ያልቆጠረው አፌን ስለገጠምኩ ነው» ትላለች እየሳቀች።

እውነቱን ለመናገር ሥራው ነው እንዲህ ያደረገው። ከቤታችን ጀርባ ባለችው ክፍል ውስጥ አሮጌ ጠመንጃ ይጠግናል፤ ቀለህ የማያውቁትን፣ በአፈሙዛቸው የሚጎርሱትን። ባሩዱ በአፋቸው ይፈስላቸዋል፤ አረሩ በተቀባ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይከተላል፤ በረጅም ዘንግ ተገፍቶ ታች ባሩዱ ላይ ይቀመጣል። የእንዲህ ያለች ጠመንጃ ክፋቷ፣ ጎርሳ ትሁን ባዶ ሆዷን ትሁን ከውጭ አለመታወቁ ነው። ግድግዳ ላይ ተሰቅላ ዓመት ታስቆጥርና አንድ ቀን የጎረሰች መሆኗ ይሰማል። ከሰማው ደግሞ አንዱ ጆሮውን ያጣል።

ስለዚህ አባቴ ጠመንጃ ይዞ በሩን ለሚያልፍ ሰው ከሰላምታ የሚያስቀድማት ጥያቄ አለችው።

«ማን አጎረሳት?»

«ኧረ ማንም! ባዶ ናት፣ ጋሼ» ይሉታል። መልሱን አይሰማም። ዘንጉን አንስቶ በአፏ ይሰዳል። በእሱ ጭቅጭቅ የተነሣ የማኅበሩ አባላት ሁሉ በየጠመንጃቸው ዘንግ ላይ መስመር አስቀርጸዋል፤ ዘንጉ ወርዶ መስመሩ ከአፈሙዙ እኩል ከሆነ ባዶ ናት፣ መስመሩ ከአፏ በላይ ከቆመ ሆዷ ውስጥ ነገር አለ። ማኅበሩ የአሮጌ ጠመንጃ ተኳሾች ነው፤ ዓመታዊ ውድድር ያደርጋሉ፤ በተኩስ ሜዳው መግቢያ ላይ የፍተሻ ጠረጴዛው የአባቴ ነው። የሁሉንም የሚፈትሸው እሱ ነው። የእሱን የሚፈትሽ አልነበረም፤ ማን ደፍሮ!

የራሱ ጠመንጃ ረጅም ባለ ባልጩት ናት። ከእናቴ በላይ ስለሚያቅፋት፣ ስለሚቀባትና ስለሚወለውላት እናቴ «ጣውንቴ» ብላ ስም አወጣችላት፤ ከዚያ ወዲህ ለሁላችንም ጣውንት ሆና ቀረች።

ወደ ባለቤቴ ልምጣ። ባለቤቴ ሊፍት ጠጋኝ ነው። አባቴ ከተጋባን ጀምሮ በስሙ ጠርቶት አያውቅም፤ «ሊፍቱ መጣ?»፣ «ሊፍቱ በላ?» ነው የሚለው። አንድ ጊዜ ለምን እንደማያምነው ፊት ለፊት ጠየቅኩት። «ሰው በሳጥን ዘግቶ በሽቦ የሚያንጠለጥል ሰው እንዴት ይታመናል?» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ያቺ አለመሳቁ ለዓመታት እንደ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ቀርታ ነበር። አንዲት ነገር ብቻ ነበር የምመኘው፤ አባቴ አንድ ቀን፣ አንዲት ነገር ሳይፈትሽ፣ ለባለቤቴ እንዲሰጠው።

ዘንድሮ ያ ቀን የቀረበ መሰለ። የአባቴን ቀኝ ዓይን ሞራ ጋረደው፤ እጁም መንቀጥቀጥ ጀመረ። የማኅበሩ ሰብሳቢ፣ ጡረታ የወጣች የሒሳብ አስተማሪ ናት፣ ቤት ድረስ መጥታ «ፍተሻው ያንተ ነው፣ ማንም አይነካብህም። ተኩሱን ግን ለሌላ ስጥ» አለችው።

«ለማን?» አለ አባቴ፣ ዓለም ላይ ሰው ያለቀ ይመስል።

«አማችህ ምን ሆነና?» አለች እናቴ ከጓዳ።

ሳምንት ሙሉ ጣውንትን ሲወለውል ሰነበተ። ከዚያ አንድ ጠዋት ካልሲውን እየመረመረ «እስቲ ይምጣ» አለ።

ባለቤቴ ደስ ብሎት ሄደ። ሲደሰት ደግሞ እጁ አያርፍም፤ ስለ ባሩድ ሲያነብ ሰንብቶ በሁለተኛው ሳምንት ሁለት ሐሳብ ይዞ መጣ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ብልጭታ እንዳይነሣ መሣሪያው ሁሉ ከመዳብና ከነሐስ ነው፤ ምድጃ የሚባል አይገባባትም። መደርደሪያው ላይ የባሩድ ጣሳዎቹ ተራርቀው ይቀመጣሉ፤ ሻካራ ፍሬው ለጠመንጃዋ ሆድ፣ ደቃቁ ከጎኗ ላለችው፣ የባልጩቱ ፍንጣሪ ለሚወድቅባት ትንሽ ሳህን።

«አባባ፣» አለ ባለቤቴ፣ «ጥቁሩ ባሩድ ቱቦዋን በጥላሸት ይሞላዋል፣ ሲታጠብ መዋል ነው። አሁን ጥላሸቱ የቀለለ ምትክ ባሩድ አለ። ባልጩቱንም በመዳብ ቆብ ብንቀይረው ዝናብም አያግደን። ቆቡ ላይ መዶሻው ያርፋል፣ ወዲያው ነው።»

«ለምን ቸኮልክ?»

«ኧረ አልቸኮልኩም...»

«ስማኝ። ባሩድና መለኮሻ ባልና ሚስት ናቸው። ያንተ ምትክ ባሩድ ለመነሣት ብዙ ሙቀት ይፈልጋል፤ የባልጩት ፍንጣሪ አይበቃውም፣ ያኮርፋል። ስለዚህ ቆብ ልትድርለት ነው። ቆቡን ማን ሠራው?»

«ፋብሪካ ነዋ።»

«ፋብሪካ የማን ልጅ ነው?»

ባለቤቴ ዞሮ እኔን አየኝ። ሳቄን ለመዋጥ በሩን መንከስ ነበር የቀረኝ።

«ባልጩት ሲከዳኝ አየዋለሁ፤» አለ አባቴ፣ «ጠርዙ ይዶለዱማል፣ በጥፍሬ ዳስሼ አውቃለሁ። ቆብ ሲከዳህ ግን ፈገግ እንዳለ ነው። ጥቁሩ ባሩድ በትንሽ ብልጭታ ይነሣል፣ ባልጩትም ትንሽ ብልጭታ አላት፣ ተስማምተው ይኖራሉ። ምትክ ካሰኘህ ባለ ቆብ ጠመንጃ ገዝተህ እንደ ልብህ ሁን። ለጣውንት ግን አይሆንም።»

«እሺ አባባ። ገብቶኛል» አለ ባለቤቴ። ከልቡ ነበር።

አባቴ እሺታውንም ተጠራጠረው። «ጭስ አልባውስ? የዘመናዊው ጠመንጃ?»

«እሱማ ቱቦዋን በጣጥሶ ይጥላታል። ከአቅሟ በላይ ነው። መልኩ ቢጠቁርም ጥቁር ባሩድ አይደለም፤ በመልኩ እንዳትታለል ብለውኛል።»

«ማነው ያለህ?»

«እርስዎ።»

«እኔ? መቼ?»

«ባለፈው ሳምንት፣ እዚሁ።»

አባቴ ባለቤቴን ትኩር ብሎ አየው። ውሸታም የያዘ ሰው አስተያየት ነበር፤ ቢያንስ ለእኔ እንደዚያ ነው የመሰለኝ፤ ደሜ ፈላ። ባለፈው ሳምንት ሲነግረው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ግን ምን ብዬ ልግባ? ከኬላ ጋር ተከራክሮ ያለፈ መኪና አይቼ አላውቅም።

ከዚያ አባቴ ጠመንጃዋን ከማስረከቡ በፊት ብቻውን ሊሞክራት ተኩስ ሜዳ ሄደ። ዶፍ ወረደ። በመኪና ልወስደው ስሄድ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ጣውንትን በካፖርቱ ሸፍኖ እሱ ራሱ እየረጠበ አገኘሁት።

«ተኮስክ?»

«ሳህኗ ላይ ያለው ባሩድ ረጠበ። እምቢ አለችኝ» አለ፣ በገዛ ሚስቱ የተከዳ ያህል አኩርፎ። የቀረውን ጠራርጎ በብርድ ልብስ ጠቀለላትና ከኋላ ወንበር አጋደማት፤ ቤት እንደደረስን ሥራ ክፍሏ ውስጥ ባለው ቁም ሣጥን ቆለፈባት። እኔ ያሳሰበኝ ጉንፋን እንዳይዘው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ነው ቤታችን የሰላም እንቅልፍ ያጣው። አባቴ አንድ ጠዋት ከክፍሏ ወጥቶ «ጣሳዎቹን ማን ነካ?» አለ። ደቃቁ ባሩድ በሻካራው ቦታ፣ ሻካራው በደቃቁ ቦታ ተቀምጠዋል። እናቴ በዚያች ክፍል ወለሉን ትጠርግ እንደሁ እንጂ መደርደሪያውን አትነካም። እኔ የምኖረው ሌላ ቤት ነው። ከአባቴ ሌላ ሲገባ ሲወጣ የሰነበተው ባለቤቴ ብቻ ነው። ማንም ስም አልጠራም፤ መጥራትም አላስፈለገም። አባቴ የቁም ሣጥኑን ቁልፍ ቀየረና አዲሱን በክር አንገቱ ላይ አንጠለጠለው፤ ሲታጠብም አያወልቀውም።

በዚህም አላበቃም። እናቴ ወለል ልትጠርግ ስትገባ በቁም ሣጥኑ ሁለት እጀታዎች መካከል የታሰረች ቀጭን ክር አየች። ማንም በሩን ቢከፍት ትበጠሳለች።

«ይሄ ወጥመድ ለማነው?» ብላ ጠየቀችው።

ክሯን ይበልጥ አጠበቃት።

በማግስቱ ክሯ ተበጥሳ ተገኘች። ቁልፉ ግን እንደተቆለፈ ነው። አባቴ የተበጠሰችውን ክር መዳፉ ላይ አድርጎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ይጮሃል ብለን ስንጠብቅ አልጮኸም። ምሳም አልበላም። ሌላ ክር አሰረ፤ እሷም ተበጠሰች።

ባለቤቴ የሥራ ሽርጡን በቁም ሣጥኑ እጀታ ላይ ሊሰቅል ሲል ክሯን አያት። ሽርጡን አጥፎ ይዞት ወጣ። ጥርጣሬ ደግሞ እንደ ጉንፋን ነው፣ በትንፋሽ ይተላለፋል። ያን ቀን እራት ላይ ሳላስበው «ቁም ሣጥኑን አልነካህም አይደል?» ብዬ ጠየቅኩት።

ማንኪያውን አስቀመጠ። «አንቺም?»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከዚያ በኋላ ስለ ጠመንጃ አንድ ቃል ሳንነጋገር የውድድሩ እሑድ ደረሰ።

እሑድ ፀሐይ ነበር። አባቴ በፍተሻ ጠረጴዛው ጀርባ ቆሞ የሁሉንም ጠመንጃ በዘንግ ፈተሸ፤ አንዱን የገዛ ጓደኛውን ጠርጥሮ ሁለቴ ፈተሸው። ጣውንትን ራሱ ከቤት ስላመጣት በጠረጴዛው አላለፈችም። በሁለት እጁ አንሥቶ ለባለቤቴ ሰጠው። «አደራ» ብቻ አለው። እኔ ይህን ቀን ስጠብቀው ስለኖርኩ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ እናቴ በክርኗ ጎሸመችኝ።

ባለቤቴ የተኩስ መስመሩ ላይ ቆመ። የተለካው ባሩድ ከጎኑ ተቀምጧል። እጁን ወደ ባሩዱ ዘረጋና መለሰው። ዘንጉን አነሣ።

ከአጠገቡ የቆመው ተኳሽ፣ ሥጋ ሻጭ ነው፣ «ኧረ በሕግ! የኬላን ጠመንጃ ልትፈትሽ?» ብሎ ጮክ ብሎ ሳቀ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔ ተናደድኩ። ለክሩ አጸፋ እየመለሰ መሰለኝ፤ አባቴን በሰው ፊት ሊያዋርደው። ዛሬ አይደለም፣ እባክህ፣ ዛሬ አይሁን አልኩ በልቤ።

ዘንጉ ወረደ። ቆመ። መስመሩ ከአፈሙዙ አራት ጣት ከፍ ብሎ ነበር።

ሳቁ ከዳር እስከ ዳር ጠፋ። ሥጋ ሻጩ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

ባለቤቴ ዞሮ ወደ አባቴ አየ። አፉ ተከፍቶ ነበር። ያቺን ጥያቄ እንደሚጠይቅ እርግጠኛ ነበርኩ፤ አባቴ ዕድሜ ልኩን ሌላውን ሲያፋጥጥባት የኖረውን ጥያቄ፣ በሰው ፊት፣ ለራሱ ለአባቴ። መብቱም ነበር። አባቴ ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል፤ ፊቱ ላይ ያየሁትን ነገር ከዚያ በፊት አይቼበት አላውቅም። ፍርሃት ነበር።

ባለቤቴ አፉን ገጠመ። እጁን አወጣና ወደ ሰብሳቢዋ ዞረ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። ትናንት ለልምምድ አጉርሻት ረሳኋት።»

ሰብሳቢዋ ልጆች ትቆጣበት በነበረው ድምፅ ተቆጣችው። ጎርሳ የተረሳች ጠመንጃ ማለት ምን ማለት እንደሆነ በሰው ሁሉ ፊት አስረዳችው፤ ባሩድ በባሩድ ላይ፣ አረር በአረር ላይ ቢሆን ኖሮ ቱቦዋ ግራ እጁና ፊቱ ላይ ይፈነዳ እንደነበር። ከዘንድሮው ውድድር ታግደሃል አለችው። እሱ አንገቱን ደፍቶ «ልክ ነሽ» ይላል።

«ከነገ ጀምሮ በደረጃ ነው የምወጣው!» አለ ሥጋ ሻጩ፣ ሊፍቱን ማለቱ ነው። እንደገና ሳቅ ሆነ። ባለቤቴም አብሮ ፈገግ አለ። እኔ ግን ያን ሰውዬ በገዛ ቢላዋው...! ይቅር።

አረሩን በዘንግ ጫፍ በተተከለ ጠመዝማዛ መንጠቆ በፍተሻው ጠረጴዛ ላይ አወጡት። ከነጨርቁ ወጣ። ጨርቁ ሰማያዊ መስመር ያለው ነበር። አወቅኩት፤ የአባቴ አሮጌ ፒጃማ ነው። እሱ ራሱ ነው የሚቆራርጠው፣ የሚያስቀምጠውም ቁም ሣጥኑ ውስጥ ነው፣ ከጣውንት ጋር፣ ቁልፉም ከተቀየረ ወዲህ ከአንገቱ ወርዶ አያውቅም።

የዝናቡ ቀን! ሳህኗ ላይ ያለው ረጠበ ነው ያለኝ። ሆዷ ውስጥ ያለውንስ መቼ አወጣው? እናቴን ተደግፌ ቆምኩ። የባለቤቴ ፊት ታየኝ። ይህን ሰው ነው እኔም የጠረጠርኩት።

አባቴ ጨርቁን አነሣ። ወደ ብርሃኑ አስጠጋው፣ ገልብጦ ጀርባውን አየው። ከዚያ ኪሱ ከተተው።

ቤት ደረስን። ባለቤቴ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ጫማውን ይፈታል፤ እናቴ በሌለ አቧራ ላይ ጨርቅ ታመላልሳለች። አባቴ በጓሮው በር ብቅ ብሎ በዓይኑ ጠራኝ። ተከተልኩት። ክፍሏ ውስጥ ጨርቁን ሥራ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው።

«ማን አጎረሳት?» አለኝ። ድምፁ የልጅ ድምፅ ነበር።

ልዋሽ አሰብኩ። ባለቤቴ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የዋሸውን እኔ እዚህ ብደግመው ምን ነበረበት? ግን ይህ ሰው ሕይወቱን በሙሉ የሰውን ቃል ሳያምን ኖሮ፣ አሁን አንድ ጊዜ ዘንግ ሳያነሣ መልስ ይጠብቃል።

«አንተ ነህ፣ አባዬ። የዝናቡ ቀን።»

ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አያቸው፤ የሌላ ሰው እጆች ይመስሉታል።

«ጠርጥሬ ነበር» አለ።

«ምኑን?»

«ክሩን ያሰርኩት ለእሱ መሰለሽ?»

ቁልፉን ከሸሚዙ ሥር አውጥቶ አሳየኝ። «ጣሳዎቹ ተቀያይረው ሳገኛቸው ሰው ገባ አልኩ። ቁልፍ ቀየርኩ። አሁንም ይነካካል። ከዚህ ቁልፍ ሌላ ቁልፍ የለም። እንግዲህ የሚገባው ሌባ አንድ ሰው ነው፤ ልይዘው ብዬ ክር አሰርኩ። ያዝኩት። ግን ሲገባ አላስታውሰውም። አንድም ቀን አላስታውሰውም።»

ስንቱን ሲጠረጥር አልቅሼበታለሁ፤ እንደዚያን ቀን ግን አልቅሼ አላውቅም። ያን ሁሉ ሳምንት ብቻውን፣ ማንንም ሳያማክር፣ ራሱን ሲከታተል! እኛ ደግሞ ክፋት መስሎን ስናኮርፈው። አቀፍኩት። ባሩድና የጠመንጃ ቅባት ይሸታል።

«ለምን አልነገርከንም?»

«ብታምኑኝስ?» አለ።

ከዚያ ተነሣና ሳሎን ገብቶ ለሰብሳቢዋ ደወለ። ቤቱ ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብሎ ነው የተናገረው። «ያጎረስኳት እኔ ነኝ። ልጁ ዋሽቷል። አዎ፣ ለእኔ ብሎ። እግዱን አንሺለት፤ ለእኔ አድርጊው። የፍተሻ ጠረጴዛውም ሰው ይፈለግለት።» ስልኩን ሲዘጋ እናቴ የአቧራ ጨርቋን እንደያዘች ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበር።

«ልጁ» ማለቱን ልብ ያልኩት በኋላ ነው።

ባለቤቴ ከበረንዳው ተነሥቶ በሩ ላይ ቆመ፤ አንድ ጫማው እንደተፈታ። አባቴ ቁልፉን ከአንገቱ አወለቀና በባለቤቴ መዳፍ ላይ አስቀመጠው። ቀጥሎ የጣውንትን ዘንግ ሰጠው።

«ፍተሻውን ያዝ» አለው።

«አባባ፣ እኔ ምኑን አውቄ... ከየት እጀምራለሁ?»

«ከእኔ ጀምር።»